በሰማያዊ ክር የተሰፋው ፖስታ

ውድ አባዬ፣

ትናንት ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፅህን ስሰማ ስለ ጉልበትህ፣ ስለ ወንድሜ ልጆችና ስለ ዝናቡ ጠይቄህ ዘጋሁት። በሦስተኛው ላይ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ዝናቡን አላሳረፍሽውም፤ ደመና ልትነግጂ ነው እንዴ?» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ይህን የምጽፍልህ በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው ብዬ ነው።

ነገሩ የዛሬ ሁለት ዓመት ለዩኒቨርሲቲው ስላስገባኸው ማመልከቻ ነው። አስገባኸው ስል፣ እንዳስገባልህ ለእኔ የሰጠኸኝን ማለቴ ነው።

የሂሳብ ትምህርት ክፍሉ ቅዳሜና እሁድ ዲግሪ ማስተማር ሊጀምር ነው ብዬ ወሬውን ያመጣሁት ራሴ ነበርኩ። እራት እየበላን ለጨዋታ ያህል ነው ያነሳሁት። አንተ ማንኪያህን አስቀምጠህ «ዕድሜ ይጠይቃሉ?» አልከኝ። አይጠይቁም አልኩህ። «እንግዲያው ፎርሙን አምጪልኝ» አልክ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ስድሳ አንድ ዓመትህ ነበር፤ አስራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሰህ፣ በዚያው ዓመት አያቴ ስለሞተ ታናናሾችህን ልታሳድግ ስፌት ገባህ። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። የሚያስቆጭህ ነገር ይሆናል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

አራት ወር አጠናህ። ከእኔ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምረህ ወደ ላይ ወጣህ። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል መጽሐፉን ከስፌት መኪናው ጎን ታቆመዋለህ፤ እግርህ ይረግጣል፣ እጅህ ጨርቁን ይገፋል፣ ዓይንህ ግን ገጹ ላይ ነው። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ «ሚሊሜትር! ሱሪዬ የት ደረሰ?» ሲልህ፣ «ሱሪህ ገና ኤክስ ነው፤ እየፈለግኩት ነው» ብለህ የመለስክለት ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። ለሚሊ እንኳ የማትተኛ በመሆንህ ያወጡልህ ስም ነው፤ አንተም እንደ ማዕረግ ትወስደው ነበር።

እኔም ፊትህ እስቃለሁ። ሆዴ ግን አይስቅም ነበር። በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል የፊዚክስ አስተማሪው «አባትሽ ወንበርሽን ሊቀሙሽ ነው አሉ!» ሲለኝ ፊቴ እሳት ሆነ። ምኑ አሳፈረኝ? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። አንተ ያስተማርከኝ ልጅ ነኝ። ክፍልፋይን ያወቅኩት አንተ ጨርቅ ስታጥፍ አይቼ ነው። ግን ከዚያ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛህ ሥር ወጥቼ «የሂሳብ መምህርት» ለመባል ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ደግሞ ሜትርህን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልክ ከኋላዬ ልትመጣ ነው። ያሰብኩት ይህንን ነው። መጻፉ ራሱ ያሳፍራል፣ ግን ያሰብኩት ይህንን ነው።

ከፎርሙ ጋር አመልካቹ ቤቱ ሆኖ የሚሠራቸው አምስት ጥያቄዎች ነበሩ። ልይልህ ብልህ «አንቺ ካየሽውማ ያንቺ ሆነ» ብለህ ከለከልከኝ። ጨርሰህ ፖስታ ውስጥ ከተትካቸውና ሙጫ ብሰጥህ አሽተህ መለስክልኝ፤ «ይሄ እስከ በር አያደርስም» አልክ። ከዚያ መርፌህን አነሳህና የፖስታውን አፍ በነጭ ክር ዳር እስከ ዳር ሰፋኸው። እንደ ሸሚዝ ኮሌታ። በሁለት እጅህ ይዘህ ሰጠኸኝ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። እዚህ ድረስ አደራህን ጠብቄያለሁ።

የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ፖስታውን በሁለት ጣቷ አንስታ አገላበጠችው። «ይሄ ደሞ ምንድን ነው? ትራስ ነው እንዴ?» አለች። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁለት ልጆች ሳቁ። ሳቁን ሰምቶ መምህሬ ከቢሮው ብቅ አለ፤ የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከረኝ፣ በአርአያነት የሚያነሳኝ መምህሬ። ፖስታውን አየ፣ እኔን አየ። «የማን ነው?» አለኝ።

አባዬ፣ «ልብስ የሚሰፋልኝ ሰው ነው» አልኩት።

ዓይኔን በጨው አጥቤ። አንተን።

እሱ አልሳቀም። «ጎሽ፣ ጥሩ ነው፤ አስቀምጪው» ብሎ ተመለሰ። ማንም አልከለከለህም፤ ይህን በደንብ እንድታውቀው እፈልጋለሁ። ጸሐፊዋም መቀሷን አንስታ ልትከፍተው ነበር። ያኔ ነው የባነንኩት። ውስጥ ያለው ፎርም ላይ ስምህ አለ። ያንተ ስም ደግሞ የእኔ የአባት ስም ነው። ፖስታው እንደተከፈተ «ልብስ የሚሰፋልኝ ሰው» ማን እንደሆነ ልታነበው ነው። «ቆይ፣ ቆይ፣ ፖስታውን ቀይሬ እመለሳለሁ» ብዬ ከእጇ ቀማኋት። ጠዋት እንኳ ነጭ ወረቀት የመሰለ ሕሊና ነበረኝ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን በአንድ ውሸት ላይ ሌላ ልደርብ መንገድ ጀመርኩ። ቤት ገብቼ ፖስታውን የጠረጴዛዬ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እወስደዋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ምዝገባውም ተዘጋ።

አንተ ግን በየቀኑ ትጠይቃለህ። እየጠበቅክ መሆንህን እንዳላውቅብህ፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ጣል ታደርጋታለህ፦ «እነዚያ ሰዎች ዝም አሉ?» አንድ ቀን ዝምታው ከበደኝና «ደውለውልኝ ነበር፤ አላለፍክም» አልኩህ። በዚህ ቢያበቃ ምናለ! አንተ ግን ሚሊሜትር ነህ። «የቱ ላይ ሳትኩ?» አልከኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ ከባድ ነው ብዬ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። «አምስተኛው ላይ» አልኩህ። ጥያቄውንም መልስህንም አላየሁም።

«አምስተኛው?» አልክ። «እኔ እኮ በጣም የወደድኩት እሱን ነበር» አልክ።

ከዚያ በኋላ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቆርቆሮ ደርድረህ የሸሚዝ ቁልፎችህን ስትለይ አይህ ነበር። አምስት ታነሳለህ፣ ታከፋፍላለህ፣ ሦስት ትመርጣለህ፣ መልሰህ ትደፋለህ። ዕቃህን የምታስተካክል መስሎኝ በአጠገብህ አልፍ ነበር። ወር ያህል እንዲህ ሆንክ። ከዚያ ድንገት ተውከው። ከጥቂት ቀን በኋላም «ወንድምሽ ልጆቹን የሚያስጠናለት ይፈልጋል፤ እኔ ልሂድለት» ብለህ የስፌት መኪናህን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ሄድክ። እውነቱን ልናገር፣ ቀለለኝ። የምታየኝ ዓይን ከቤት ወጣች።

እንግዲህ ያለፈው ሐሙስ ነው። አንዲት ተማሪዬ ዘንድሮ ለሂሳብ ዲግሪ ልታመለክት እየተዘጋጀች ነው። «ቲቸር፣ የድሮ ጥያቄዎች ካሉሽ ልለማመድባቸው» አለችኝ። የማውቀው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ያለውም የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ያልነካሁትን መሳቢያ ልከፍት ተንበረከክኩ። ድሮ እንደሚያስቸግረኝ በሁለት እጄ ሳብኩት፤ ያለ ምንም ትግል ሽው ብሎ ወጣና ጭኔ ላይ ወደቀ። ሐዲዱ በሳሙና ታሽቷል። ጨርቅ የምታሰምርባት ዓይነት ሳሙና።

ያኔ ትዝ አለኝ። አንተ ከመሄድህ በፊት፣ ያንን ሰማያዊ ቀሚሴን እያጠበብክልኝ ሳለ፣ «የላይኛው መሳቢያ ተጣብቆብኛል፤ እስቲ እይልኝ» ብዬህ ለሥራ ወጥቼ ነበር። የላይኛው አልኩህ። አንተ አንዱን ጠግነህ ሌላውን የምትተው ሰው አይደለህም። ይህን እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል?

ፖስታው እንዳስቀመጥኩት አለ። ክሩ ግን ነጭ አይደለም፤ ሰማያዊ ነው። የቀሚሴ ክር። ፈትተኸዋል፣ መልሰህ ሰፍተኸዋል። ቀሚሱንም በማግስቱ ጨርሰህ፣ ተኩሰህ፣ የክፍሌ በር ላይ ሰቅለህልኛል። «ወገቡ ካልተመቸሽ አሁንም እናያለን» ብለኸኛል። ሁሉን አውቀህ! ቀሚሱን ሁለት ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ፤ ስፌቱ ያምራል ሲሉኝ «አባቴ ነው» ብዬ እኮራ ነበር። ለቀሚስ ሲሆን አባቴ ነህ።

ክሩን ቆረጥኩት። ፎርሙ አለ፣ አምስቱ መልሶች አሉ። በላያቸው ላይ ልብስ ከምትነድፍበት ወረቀት የተቀደደ ቁራጭ አለ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። እንዲህ ነው ያልከው፦ «አምስተኛውን አራት ጊዜ እንደገና ሠራሁት። ለእኔ ልክ ይመስለኛል። ጊዜ ስታገኚ አንቺም እይልኝ።»

ሁለት ዓመት አቆየሁህ። አየሁት፣ አባዬ።

ጥያቄው ይላል፦ አምስት ሙሉ ቁጥሮችን እንደፈለጋችሁ ውሰዱ፤ ከመካከላቸው ድምራቸው ለሦስት ያለ ቀሪ የሚካፈል ሦስት ቁጥሮች ሁልጊዜ እንደሚገኙ አሳዩ። አንተ ሦስት ቆርቆሮ አስቀመጥክ፣ ቁጥሮቹን በሸሚዝ ቁልፍ ተካህ። ለሦስት ሲካፈል ምንም የማይተርፈው ቁጥር አንዱ ውስጥ፣ አንድ የሚተርፈው ሌላው ውስጥ፣ ሁለት የሚተርፈው ሦስተኛው ውስጥ ይግባ አልክ። ሦስቱም ውስጥ ቁልፍ ካለ ከየአንዳንዱ አንድ አነሳለሁ፤ ትርፋቸው ዜሮ፣ አንድና ሁለት ነው፤ ድምሩ ሦስት፤ አለቀ። አንዱ ባዶ ከሆነ ግን አምስቱ ቁልፎች ቢበዛ ሁለት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፤ እንግዲህ አንዱ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መያዙ አይቀርም፤ ሦስቱንም ከእሱ አነሳለሁ። እኩል የሚተርፋቸው ሦስት ቁጥሮች ሲደመሩም ይካፈላሉ።

ልክ ነው። የሚቀነስ ነጥብ የለውም። እኔ ብሠራው ሁለት ገጽ ይፈጅብኝ ነበር፤ አንተ በግማሽ ገጽ ጨረስከው። አንድ ወር ሙሉ የሌለ ስህተት ፍለጋ እንዳሰማራሁህ ሳስብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ሰኞ ዕለት ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድኩ። ይህንንም ያደረግሁት ሳላስፈቅድህ ነው፤ እርሱንም ጨምረህ ተቆጣኝ። ጸሐፊዋ ፖስታውን አስታውሳ «ትራሷ ተመለሰች?» አለችኝ። «የአባቴ ነው» አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ ነው መሰለኝ መምህሬ ወጣ። አምስተኛውን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አነበበ፤ ጨርሶ ከላይ ጀመረና ደገመው። መነጽሩን አወለቀና «ያን ጊዜ ለምን ሳታስቀምጪው ሄድሽ?» አለኝ። መልሱን የጠበቀ አይመስለኝም፤ ፊቴ ላይ አንብቦታል። የድሮው ማመልከቻ አሁን አያገለግልም፤ የዘንድሮውን ራሱ ሠርቶ ራሱ ያምጣ ብሎኛል።

ስለዚህ አዲሱን ፎርምና የዘንድሮዎቹን አምስት ጥያቄዎች ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ጥያቄዎቹን አላየኋቸውም፤ ጸሐፊዋ ራሷ ናት አጥፋ የከተተቻቸው። ምዝገባው የሚዘጋው የዚህ ወር መጨረሻ ላይ ነው። መንገድ ዳሯ ክፍል ባዶዋን ናት፤ ዳቦ ጋጋሪው አሁንም ባለፈ ቁጥር በመስኮት ያያል። ብትመጣ ደስ ይለኛል። ፎርሙን ቀደህ ብትጥለውም፣ እኔን ለማየት ዓይንህ ቢጠላም፣ አልፈርድብህም። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ ገና ፊት አላገኘሁም፤ መጀመሪያ እውነቱ ይድረስህ።

የዚህን ደብዳቤ ፖስታ ራሴ ሰፍቼዋለሁ። ጠማማ ነው፤ ጣቴንም ሁለት ቦታ ወግቼዋለሁ። እንዳየኸው ከንፈርህን እንደምትመጥ አውቃለሁ።

ፎርሙ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ሞልቼ ነው የላክሁልህ፤ የምስክር ቦታ ናት፣ የምትሞላው በእኔ ነው። «ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና» ትላለች። «አባቴ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

ልጅህ