በግድግዳ የገባው ቴሌቪዥን

አሰላ፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለየውብዳር ሀብተ ማርያም
አዲስ አበባ

የውቤ፣ አንቺ ቀበጥ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አያትሽ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፣ ምላሴ ግን ገና ጎረምሳ ነው። እናትሽ ሸዋዬ ደህና ናት። በቅሎዬም ደህና ናት። አባትሽን ደህና ነው እንዳልልሽ አብዷል፤ አብዷል እንዳልልሽ ደግሞ ጠዋት ተነሥቶ ሱቁን ይከፍታል፣ ቅቤና ማሩን ይመዝናል፣ ሂሳብም አይስትም። የሚያብደው ቤት ሲገባ ብቻ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

አባትሽ ቴሌቪዥን ገዛ።

አትሳቂ። አዎ፣ እዚሁ አሰላ። የቱሳ ወፍጮ ሞተር ካልተነሣ አምፖል በማይበራበት ቤት ውስጥ፣ በሬ የሚያክል ቴሌቪዥን ቆሟል።

ነገሩን ያመጣው አሳምነው ነው፤ ያ የግብር ጸሐፊ፣ ከነኮቱ የሚተኛ የሚመስለው። በኅዳር መጀመሪያ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰና ከሱቃችን በር ላይ ቆሞ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ።

«አቶ ሀብተ ማርያም፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎን በቴሌቪዥን አየኋት! ፒያሳ ሰው ሁሉ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰብስቦ! ነጭ ለብሳ፣ ቆብ ደፍታ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ ታስተምራለች!»

አባትሽ ሚዛኑን እንደያዘ፣ «እኔ ልጅ የለኝም» አለው።

«ኧረ እሷው ናት! ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ነው አሉኝ። ደግሞ ሕፃኑ የላስቲክ ነው።»

«የፈለገው ይሁን። ልጅ የለኝም አልኩህ። ቅቤ ትገዛለህ ወይስ በሩን ትለቃለህ?»

እኔ ጥግ ላይ በርጩማዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። አፉ እንደ ድንጋይ ነው፤ እጁ ግን ያችኑ አንዲት ቅቤ ሦስት ጊዜ መዘናት። ልጅ የሌለው ሰው አንድ ቅቤ ሦስት ጊዜ አይመዝንም።

እኔ ግን ሳቄ መጣ። የአቦምሳውን ነጋዴ ልጅ አላገባም ብለሽ ኮበለልሽ፣ ነርስ ሆንሽ፣ አሁን ደግሞ ከተማው ሁሉ እያየሽ የላስቲክ ልጅ ታጥቢያለሽ! አልፈርድብሽም። ያንን ሙሽራ አይቼዋለሁ፤ ሲያኝክ የጉንጩ ድምፅ ሦስት ቤት ድረስ ይሰማል። ከእሱ ላስቲኩ ይሻላል።

የሄድሽ ቀን አባትሽ የበሩን መቃን በዱላው መትቶ፣ «ማርያምን! ይህን ደፍ ረግጣ ቤቴ አትገባም!» ብሎ መማሉን ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከአሳምነው ወሬ በኋላ የሆነውን ነው። የንስሐ አባቱ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ እኔ የተኛሁ መስሎት ጠጋ ብሎ፣ «አባ፣ አንዲት ሰው በደፍ አትገባም ተብሎ ቢማልባት፣ በጣራ በሽቦ ብትገባስ መሐላው ይፈርሳል?» አላቸው።

አባም ብዙ አሰቡና፣ «ልጄ፣ እኔ ስለ ሽቦ የተማርኩት ነገር የለም። መሐላው ከብዶህ ከሆነ ግን ቀኖና ልስጥህ፤ ጾመህ ሰግደህ ትፈታለህ» አሉት።

«ማን ከበደኝ አለ!» ብሎ ተቆጣ።

ልጄን አየሽው? ሰግዶ መሐላውን ከመፍታት ይልቅ ቴሌቪዥን መግዛት ቀለለው።

ግዢውን ልነግርሽ ነው፤ ከሁሉ የሚያስቀው እሱ ነውና። አዲስ አበባ አብሬው ወረድኩ። ወደ አንቺ ጎራ እንበል ስለው «ሥራ አለብን» አለኝ። በሆስፒታልሽ በር ስናልፍ አንገቱን ወደ ማዶ አዞረ። ልጅ የሌለው ሰው የትኛውን በር ማየት እንደሌለበት በምን አወቀ? ጠየቅሁት። «አቧራ ነው፣ አባቴ» አለኝ።

ሱቁ ከዳር እስከ ዳር ሣጥን በሣጥን ነው። ቀን ምንም ስለማይታይባቸው ሁሉም ዓይናቸው ጨልሟል። የታወረ ፈረስ የሚሸጥበት ገበያ የገባሁ መሰለኝ። ሻጩ ጠጉሩን በቅባት ያጣበቀ ጎረምሳ ነው። አባትሽ ቅቤ ሲገዛ ጠረኑን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚለይ፣ ሙዝ የተቀላቀለበትን በጣቱ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ሲገባ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስለዚህ ምርመራውን እኔ ያዝኩ። አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ፣ ዞሬ ከኋላ አየሁ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው? ትራገጣለች?» አልኩት ሻጩን።

«አባባ፣ ይህ ዕቃ ነው እንጂ በቅሎ አይደለም» አለኝ።

«በቅሎ ብትሆንማ ተቀምጬባት እሄድ ነበር።»

አዲስ፣ ጥሩ የተባለች፣ ድስት የምታክል አንዲት ነበረች። ሻጩ እሷን አመሰገናት። አባትሽ ዋጋዋን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ፤ ደግሞም፣ «በዚህች ውስጥ ሰው ምን ያህል ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ አውራ ጣቱን አሳየው። አባትሽ ትቷት አለፈ።

ወደ ጓዳው ስንዘልቅ ያ ጉድ ቆሟል። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ጥሎት የሄደ ነው አሉ። እንደ ቡፌ በእንጨት የተለበጠ፣ ጎተራ የሚያክል፤ ቦታ ስለያዘባቸው ከድስቷ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ። ሻጩ ዓይናችንን አየና ለማድነቅ ፈጠነ።

«የት ነው የሚኖሩት ጌታዬ?»

«አሰላ።»

«እንግዲያማ ይህ ነው የሚያስፈልግዎት! ለሩቅ አገር ትልቅ መስተዋት ነው። ትልቁ ከሩቅ ይስባል።»

«እንዲያ ከሆነ የአህያ ጆሮ ከሁላችን በላይ ይሰማል ማለት ነዋ» አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም። አባትሽ መስተዋቱ ፊት ጎንበስ ብሎ መዳፉን በጨለማው ላይ ዘርግቶ ይለካል።

«የሰው ፊት በልኩ ይወጣል?» አለ፣ ዝግ ብሎ።

«በልኩ? ከልኩም ይበልጣል!»

አለቀ። አልተከራከረም። ቅቤ ነጋዴ ልጄ ሳይከራከር ሲገዛ ሳይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። በቁሜ አፈርኩ።

በእህል መኪና፣ በፍራሽ ጠቅልለን፣ በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ አመጣነው። ደጃችን ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሩን ያጠበብኩት የጭላሎ ተራራ ብርድም እንግዳም አንድ በአንድ እንዲገባ ብዬ ነው። ሣጥኑ በቁመቱ ቢሉት፣ በጎኑ ቢሉት፣ በጀርባው ቢሉት እምቢ አለ። ቱሳ የወፍጮ ሠራተኞቹን ይዞ ሊያግዝ መጥቶ ነበር።

«ያ ጃርሳ፣» አለኝ፤ እኔን ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ ራሱ ጎረምሳ ይመስል፤ «ይህ ሁሉ ሣጥን ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«የልጄ አእምሮ» አልኩት።

ቱሳ ስቆ መጥረቢያውን አነሣ። «መቃኑን ነቅለን እናስገባውና መልሰን እንተክለዋለን።»

አባትሽ ዘሎ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። «መቃኑን እንዳትነካ! የማልኩበት ነው!»

«ታዲያ በየት ይግባ?»

አባትሽ ቤቱን ዞሮ አየ። «ግድግዳውን አፍርሱት» አለ።

ቱሳ እኔን አየኝ፤ እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። በእጄ ያቆምኩትን ግድግዳ ማገሩን ቆርጠው፣ ጭቃውን ንደው ሣጥኑን አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ለመግፋት ጉልበት አለቀና ከቀዳዳው አጠገብ ቆሞ ቀረ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ከዚያ ረጅም ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጫፉ ላይ ሽቦ ተጠመጠመ፣ ወደ አዲስ አበባ ዞሮ ተተከለ። የቱሳ ሞተር ተነሣ። ጎረቤት ሁሉ ተቀምጦ ትንፋሹን ዋጠ። ምን ታየ? አመድ። ነጭና ጥቁር አመድ ይቦናል፤ ድምፁም ገብስ ሲቆላ ነው።

ይህንን አመድ ለማየት ከኦጎልቾ ዘመድ መጣ። ከሮቤ የቅቤ ደንበኛ መጣ። ተቀምጠው ያያሉ፣ «በጣም ያምራል» ይላሉ፣ የጾም ሽሯችንን ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። አንዲት ሴትዮማ፣ «ጉድ ነው፣ አዲስ አበባ እንዲህ አቧራ ናት?» ብላ ከንፈሯን መጠጠችላችሁ። አፈር ለዚህ ሥልጣኔ! ከዚህስ ምድጃውን አፍጥጦ ማየት ይሻላል፤ ምድጃ ቢያንስ ያሞቃል።

ቅዳሜ ማታ ግን እንግዳ አይገባም። አባትሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ የታጠበ ጋቢ ለብሶ ፊቱ ይቀመጣል። ለአመድ! እናትሽ መስተዋቱን በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ከጎኑ ትቀመጣለች።

«አሁን ምን እያደረገች ይሆን?» ትለዋለች።

«ውሃውን በክርኗ እየለካች ነው» ይላታል።

«በክርን ነው እንዴ የሚለካው?»

«በክርን ነው። እጅ ያታልላል። ቀጥሎ ራሱን ታጥበዋለች። ዝም በይ እስቲ አሁን።»

ይህን ሁሉ በየት አወቀ? አሳምነውን ሱቅ ጓዳ አስቀምጦ፣ ከሳሙናው እስከ ፎጣው አንድ በአንድ አስነግሮት፣ አንድ ጣሳ ማር አሸክሞ ሸኝቶታል! ያ ወሬኛ ለእኔ እንኳ ሰላምታ አይሰጥም፤ አሁን በእኛ ማር እንጀራውን እያጠቀሰ ነው።

ባለፈው ሳምንት ይኸው አሳምነው ማሩን ከጨረሰ በኋላ እውነቱን ይዞ መጣ። «አቶ ሀብተ ማርያም፣ ጠይቄ ነበር፤ ምስሉ ከአዲስ አበባ ዙሪያ አያልፍም አሉ። አሰላ አይደርስም፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ።»

«የጭላሎ ደመና ነው፤ ሲገፈፍ ይገባል» አለው አባትሽ።

በታኅሣሥ ደመና! ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ነው። አባትሽ ይህን አያውቅም ብለሽ እንዳታስቢ። ያውቃል። ቅዳሜ ግን እንደገና ተላጨ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ አባትሽ ገበያ ውሎ ሳይመለስ መጨረስ አለብኝ።

ቀዳዳው እስካሁን አልተደፈነም። ቁርበት ጋርደንበታል፤ ብርዱ ከጭላሎ ተንደርድሮ መጥቶ አልጋዬ ላይ ያድራል። መራጊው ሰውዬ መጥቶ ነበር፤ «በዚህ ውርጭ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ከገና በኋላ ተመለስ» ብዬ መለስኩት። ለጭቃው የተዘጋጀውን ጭድ ደግሞ ለበቅሎዬ አበላኋት፤ እንዲህ ጠግባ አታውቅም። አባትሽ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ጋቢውን ደርቦ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። ብርድን እንደ ድመት የሚጠላው ልጄ ቀዳዳውን ዝም አለው።

ትናንት ጠዋት ተነሥቼ ቁርበቱን ገለጥ ባደርግ፣ የፈረሰው ጭቃ ተጠርጓል። የተቆረጠው ማገር ልብስ እንዳይቀድ ጫፍ ጫፉ ተከርክሟል። ከውጭ በኩል ደግሞ ለእግር መረገጫ የሚሆን ለጥ ያለ ድንጋይ ተነጥፏል። ሸዋዬን ጠየቅኋት፤ እሷ አይደለችም። ቱሳን ጠየቅሁት፤ «ያ ጃርሳ፣ እኔ ሥራ ፈት ነኝ?» አለኝ። አባትሽን አልጠየቅሁትም። ጥፍሩ ሥር ጭቃ ነበር።

ሣጥኑ ከገባ ሰንብቷል። ታዲያ ድንጋዩ ለማን ነው?

እሱ ነይ ብሎ አይጽፍልሽም። አፉ አይታዘዝለትም፤ በዚህ በኩል ከሣጥኑ አይሻልም። አንቺም የእሱ ልጅ ነሽና ካልተጠራሁ አልመጣም ብለሽ ዐሥር ዓመት ትቀመጫለሽ። የሁለታችሁን ኩራት ሳይ ያቅለሸልሸኛል። የእኔ ጉልበት ደግሞ በቀዳዳ በሚገባ ብርድ ሌላ ክረምት አይጠብቃችሁም።

ስለዚህ ስሚኝ። ከገና በፊት ባለችው ቅዳሜ ነይ። በዚያ ቀን ላስቲኩን ሌላ ሰው ይጠበው። ከአውቶቡስ ስትወርጂ በገበያው መንገድ አትምጪ፣ አሳምነው አይቶሽ ማር እንዳያስከፍለን፤ በቱሳ ወፍጮ ቤት ዙሪ። እነሱ መስተዋቱ ፊት ሲቀመጡ ከውጭ ቁርበቱን ነካ አድርጊው፤ እኔ ከውስጥ እገልጥልሻለሁ። ደፍ የለም፣ መቃን የለም፣ ማርያምም አትቀየምም። ድንጋዩን ረግጠሽ ግቢና ከሣጥኑ ጎን ቁሚ። ምንም አትናገሪ። እሱ ወደዚያው እያየ ነው የሚሆነው።

ቀዳዳው የተቆረጠው በዚያ ጎተራ ልክ ነው። አንገትሽን ሳትደፊ ትገቢያለሽ።

እግርሽን ከእንቅፋት፣ አውቶቡስሽን ከገደል፣ ልብሽን ከአባትሽ ዓይነት ድርቅና ይጠብቅልኝ። ቁመትሽ ይጨምር ብዬ አልመርቅሽም፤ ቀዳዳው ይበቃሻል።

የሚወድሽና የሚንቅሽ
አያትሽ ወልደ ሚካኤል

ያን የላስቲክ ልጅ ከተቻለሽ ይዘሽው ነይ። አባትሽ የላስቲኩ ልጅ ስም ማን እንደሆነ አሳምነውን ጠይቆት፣ አላውቅም ቢለው ማሬን መልስ ብሎታል።