ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም ሚና እንዲመለስልኝ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሠፈራችን ወጣቶች ማዕከል ኃላፊ
ለወ/ሮ ሰርካዲስ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ጉዳዩ፦ ያለ አግባብ ከሹመት ስለመውረዴ

ክብርት ሆይ፣

1. ማዕከሉ በጣሊያን ዘመን የአገር ሹማምንት ለገዢው እንዴት ያገለግሉ እንደነበር የሚያሳይ ቲያትር ሲያዘጋጅ፣ ሁሉም አርበኛ ልሁን ብሎ ተጋፋ። እኔ አርፍጄ ስደርስ የቀረው ጭቃ ሹሙ ብቻ ነበር። ሰው የሸሸውን ሚና በጸጋ መቀበሌ ይታወቅልኝ።

2. ባለፈው እሑድ የጭቃ ሹሙን ካባ እንደለበስኩ ለልምምድ ወደ ሠፈር መውጣቴ እውነት ነው። በማይክ «ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ይውጣ፣ የመንግሥት ትእዛዝ ነው!» ማለቴንም አልክድም። የየትኛው መንግሥት እንደሆነ ግን የጠየቀኝ የለም። እትዬ ገበያነሽ ብቻ «አንተ ጁነይድ፣ ደግሞ ማን ሾመህ?» ቢሉኝ «ጣሊያን» አልኳቸው። «ማንም ይሹምህ፣ ብቻ በእኔ በር ካለው ቦይ አስጀምር» ብለው አካፋቸውን አወጡ። ቀትር ሳይሆን የሠፈሩ ቦይ ተጠርጎ አለቀ። እኔም በዚሁ ተከስሼ ከሚናዬ ተነሳሁ።

3. ቦታዬን ያገኘው አግማስ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ከገራዶ የሚመላለስ ስለሆነ የሠፈሩን ሰው አያውቅም፣ የሚችለው ማፍጠጥ ብቻ ነው። ወላሂ፣ ክብርት ሆይ፣ ማፍጠጡንማ ጣሊያኑ ራሱ ይችልበት ነበር። ያቃተው የማን በር የት እንደሆነ፣ ማን እምቢ ማለት እንደማይሆንለት ማወቅ ነው። ሹም ያስፈለገው ለዚህ ነበር። እኔ እየሳቅኩ «ጋሽ ሙዓዊያ!» ብዬ ስጣራ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰውዬ ከነሕመማቸው ወጡ። «አንተ ሆነህብኝ ነው እንጂ» አሉኝ። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። አካፋውን ተቀብዬ እኔው ቆፈርኩላቸው፤ ካባው የጨቀየው በዚህ ነው እንጂ በተንኮል አይደለም።

4. ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ቲያትሩ ኮምቦልቻ ላይ ሲታይ፣ እየሳቀ ሰው የሚያስወጣ ሹም ምን እንደሚመስል እንዳሳይ ሚናዬ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አይሆንም ከተባለ በቲያትሩ ሹሙ ከሚያስወጣቸው መንገድ ቆፋሪዎች ጋር ይመድቡኝ። ያኔ ግን አግማስ ቢያፈጥብኝ ንቅንቅ አልልም። በስሜ ይጥራኝ፤ እናቴም ደህና መሆኗን ይጠይቀኝ። እንደዚያ ካደረገ እምቢ ማለት እኔንም ይቸግረኛል።

ካባውን አጥቤ ከመለስኩበት አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ጁነይድ አብዱልወሀብ
(ፊርማ)