ትኩሱን አትክደነው

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 18

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ፣ ከባለቤትሽና ከአዲሱ እንግዳችን ጋር ይሁን። እንደምን ከረምሽ? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ልጁ ጡት በደንብ ይይዛል? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? በዚህ ወር የጅቡቲ ሙቀት ቀለል ይላል ብላኛለች አክስቴ መድና፤ እውነት ከሆነ ለአራስ ጥሩ ነው። እኛ ደህና ነን።

«ደህና ነን» ያልኩት ለምዶብኝ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍልሽ የከረምኩት እሱን ነው። ይህን ደብዳቤ አክስቴ መድና የምትሰጥሽ ነገሩን በአፏ ከነገረችሽ በኋላ ነው፤ ሳትነግርሽ እንዳትሰጥሽ አስምያታለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ ወንድማችን ዓምራን መስከረም ሃያ ሁለት እንደሞተ ሰምተሻል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ትንኙ በርክቶ ግማሹ ሰፈር በትኩሳት ተኝቶ ነበር። ብዙው ሰው ተነሳ። እሱ በአምስተኛው ቀን ከሰዓት፣ የአሱር ሶላት ሳይደርስ አረፈ። በዚያው ቀን ቀበርነው።

በማግስቱ ዘመዶች ቤታችን ተሰብስበው አንቺ እስክትወልጂ ድረስ እንዳይነገርሽ ተስማሙ። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፣ አሁን ስድስተኛ ወሯ ነው፣ ደንግጣ ይሄኛውም ቢወርድ ማን ይጠየቃል አሉ። እነሱ ሲያወሩ የዓምራን ስልክ ፍራሹ ላይ ይንጫጫ ነበር። አንቺ ነበርሽ። «ምነው ጠፋህ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጽፈሻል። የሆነ ሰው መመለስ ነበረበት፤ የስልኩን መክፈቻ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓምራን ሆኜ የምጽፍልሽ እኔ ነበርኩ።

የምፈራውን አስቀድሜ ልንገርሽ። የሞተ ወንድማችንን ስም ይዤ ስላታለልኩሽ እንዳትጠይኝ ነው የምፈራው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የያዘው እሱ ነበር፤ አሁን እሱም የለም። አንቺም ከተቀየምሽኝ እኔ በዚህ ቤት ከማን ጋር አወራለሁ? እማ እንደሆነች ግድግዳውን ነው የምታየው። ከትምህርት ቤት ስመለስ «በላህ?» ትለኛለች፣ መልሴን ግን አትሰማም።

እሱን መስሎ መጻፍ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ዓምራን ሲጽፍ አራት ነጥብ አያውቅም፣ በየመስመሩ «አቦ» ይላል፤ እኔም «አቦ» አበዛሁ። ድምፅህን ላክልኝ ስትይ ማይኩ ተበላሽቷል አልኩሽ። ደውል ስትይ ሥራ ላይ፣ ዳቦ ቤት ነኝ፣ ጫጫታ ነው አልኩሽ። ከዚያ በጥቅምት አጋማሽ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ፦ «አትሳቅብኝ እንጂ አንድ ነገር አማረኝ። ያ ድንችህ። ዓርብ ዓርብ ከሩዙ ጎን የምታደርግልን፣ ሲነከስ እንደ ብስኩት የሚሰበረው።»

ለእማ አነበብኩላት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። የእርጉዝ አምሮት አይታለፍም፣ ልጁ ላይ ምልክት ሆኖ ይወጣል አለች። «መድና በሚቀጥለው ሳምንት በባቡር ትሄዳለች። ሥራና ላክላት» አለችኝ። እኔ እሠራለሁ? በሕይወቴ እንቁላል ጠብሼ አላውቅም። ያንን ድንች ደግሞ ከዓምራን በቀር የሠራው ሰው የለም። ዳቦው ወጥቶ ሲያልቅ በምድጃው በቀረው ሙቀት እየጠበሰ ትሪውን በራሱ ተሸክሞ ነበር ቤት የሚመጣው፤ እኛ የምናውቀው መብላቱን ብቻ ነው።

ከቀፊራ ገበያ የሐረማያ ድንች ገዝቼ ድልድዩን ተሻግሬ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። የዳቦ ቤቱን ባለቤት አብዲቃድርን ታስታውሺዋለሽ፣ ጢሙ ውስጥ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋውን። በር ላይ ሲያየኝ ዱቄቱን ትቶ ወጣ። ዓምራን እንዴት ነበር የሚሠራው ብዬ ስጠይቀው «ወላሂ እኔ እበላ ነበር እንጂ አላይም ነበር» አለኝ። ምድጃውን ግን ፈቀደልኝ።

የመጀመሪያውን ጥሬውን ቆራርጬ፣ ዘይት ለውሼ ከተትኩት። ውጩ ከሰል ሆነ፣ ውስጡ ጥሬ። አብዲቃድር አንዱን አንስቶ በጥርሱ ሞከረና «አቦ፣ ይሄን ሐርላ ውሰደው። ከጥንቱ ፍርስራሽ መሀል ብታስቀምጠው የድሮ ሰው የሠራው ነው ብለው አጥር ያጥሩለታል» አለ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ ቆይቼ ስለነበር ፊቴ አመመኝ።

በማግስቱ ቀቅዬ ሞከርኩ። ዓምራን ድስቱን ከድኖ ሲነቀንቅ አንድ ቀን ዳቦ ቤቱ ውስጥ አይቼው ነበር፤ የድንቹ ጠርዝ ሲሻክር ነው በኋላ ዘይቱን ይዞ የሚንኮሻኮሸው። እኔም ነቀነቅሁ። የኔ ድንች ግን ድስቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ይንኳኳል እንጂ አይሻክርም። ከምድጃ ሲወጣ ቆዳ ነበር። «ዛሬስ የጫማ ሶል ነው፤ እድገት አለው» አለኝ አብዲቃድር። ለሦስተኛ ጊዜ ብዙ ቀቀልኩት፤ ውሃው አልቆ ድስቱ አረረ፣ ጠርዙ ግን እንደዚያው ነው። አክስቴ መድና ልትሄድ ሦስት ቀን ቀርቷል። ያን ዕለት ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን አወጣሁና «አቦ ድንቹ ይደርስሻል» ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸቶቼን ብትቆጥሪያቸው እፍረት የተሰማኝ በዚያኛው ነው።

ነገሩ የተፈታልኝ ክፍል ውስጥ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን ስለ ጠንካራ ውሃ ያስተምረን ነበር። የድሬ ልጅ ይሄን ከመጽሐፍ መማር የለበትም፣ የእናቱን ማንቆርቆሪያ ከፍቶ ይይ፣ ነጩ ድንጋይ እዚያ ውስጥ አለ አለን። ውሃው ሲፈላ ኖራው ወደ ታች ይወርዳል፤ እንዲህ ያለ ውሃ አትክልት ሲቀቀልበትም ያደርቀዋል፣ ባቄላ እንኳ አይበስልበትም አለ። ያኔ የሐሙስ ማታው ድስት ትዝ አለኝ። አንቺም ታስታውሺዋለሽ። ዓምራን ሐሙስ ማታ አንድ ድስት ውሃ አፍልቶ፣ አውርዶ ያሳድረው ነበር። ጠዋት ከላይ ከላይ ቀድቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ይወስዳል፣ ሥሩን ግቢ ውስጥ ይደፋዋል። እማ ሁልጊዜ «ከሰሌን በከንቱ ትጨርሳለህ» ብላ ትቆጣዋለች፤ እሱ ይስቃል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ጠረጴዛው ላይ ተደፋሁ። ጓደኞቼ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏቸው በብዕር ወጉኝ።

የጅቡቲም ውሃ ጨው አለው ብለሻልና አሠራሩን ልጻፍልሽ። ውሃውን ከዋዜማው አፍልተሽ አሳድሪው፤ ስትቀጂ ሥሩን አትንኪ። ድንቹን ላጪና ትልቅ ትልቁን ቁረጪ፤ ትንሽ ከሆነ ይደርቃል። ጨው ጨምረሽ ሹካ ሳይታገል እስኪገባለት ቀቅይው። ውሃውን አንጠፍጥፊና ድስቱን ከድነሽ በሁለት እጅሽ ነቅንቂ፤ ጠርዙ እንደ እርጥብ ዱቄት ሲሆን ተይው። ከዚያ ክፈቺውና እንፋሎቱ ይውጣ፤ ድንቹ ደርቆ ነጭ ካልሆነ አትቸኩይ። ዘይቱ ትሪው ላይ ብቻውን ምድጃ ገብቶ መጋል አለበት፤ ድንቹ ሲነካው ካልጮኸ ገና ነው። አንዱን ካንዱ አራርቂው፣ ከተጠጋጋ እርስ በርሱ ይቀቃቀላል። አንድ ጊዜ ብቻ አገላብጪው። ከሙንና ሚጥሚጣው ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመርራል።

በዚያ መንገድ የሠራሁት በማንኪያ ስነካው ኳ አለ። አብዲቃድር አንዱን በላ። ወደ ምድጃው ዞሮ ፍሙን ቆሰቆሰ። ከዚያ ሳያየኝ «ጨው ያንሰዋል» አለኝ። ጨው አላነሰውም ነበር።

አክስቴ መድና በሩ ላይ ቆማ ባቡሩ አይጠብቀኝም ትላለች። እኔም ትኩስ ትኩሱን በእማ ክዳን ያለው ሳህን ውስጥ ከትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጥብቄ አሰርኩት። እንዳይቀዘቅዝብሽ ብዬ ነው።

በማግስቱ በዓምራን ስልክ መልእክትሽ መጣ፦ «ደረሰኝ። ሁሉንም በላሁት። ልጁም ረገጠኝ። ለሌላ ጊዜ ግን ትኩሱን አትክደነው፣ ላብ ያለሰልሰዋል።»

«እሺ አቦ» ብዬ መለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። የገባኝ ከቀናት በኋላ፣ አክስቴ መድና ይዛው የተመለሰችውን ሳህን ሳጥብ ነው። አንቺ ሳታገቢ በፊት አንድ ዓርብ ዝንብ እንዳያርፍበት ብለሽ ትሪውን ስትከድኚ ዓምራን እጅሽን በማንኪያ መታሽ። «ትኩስ ድንች አይከደንም፣ ስንቴ ልንገርሽ!» አለሽ፤ አኩርፈሽ ሳትበዪ ዋልሽ። ሕጉ የሱ ነበር፤ ለሱ ማን ይነግረዋል?

ከዚያ መልእክት በኋላ ድምፅህን ላክልኝ ብለሽ አታውቂም። ደውልም አላልሽም። በሦስተኛው ቀን በዚያው በዓምራን ስልክ «ፈተናህ መቼ ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ። ዓምራን ትምህርት ከጨረሰ አራት ዓመቱ ነው። እኔ ቀኑን ነገርኩሽ። «ኬሚስትሪው እንዳያስፈራህ» አልሽ። ሌላ ቀን ደግሞ «እማ ካልበላች አንተም ሳትበላ አትተኛ» አልሽ፤ ሌላ ቀን «ማታ ብቻህን አትሁን፣ ጓደኛ ጥራ» አልሽ። ሁሉንም እሺ አቦ፣ እሺ አቦ እያልኩ መለስኩ። ያን ጊዜ ሌላ ማንም እንዲህ አይጠይቀኝም ነበር። የወለድሽ ዕለት «ወንድ ነው። ስሙን አክስቴ መድና ስትመጣ በጆሮዋ እነግራታለሁ» ብለሽ ጻፍሽ። እንደምትመጣ ግን ገና ማንም አልነገረሽም ነበር።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገርሽ። በመጨረሻው ዓርብ ዓምራን ከዳቦ ቤቱ ደወለልኝ። ራሴን አሞኛል፣ መጥተህ ትሪውን ያዝልኝ አለኝ። እኔ ድልድዩ አጠገብ ከክፍል ልጆች ጋር ቆሜ ነበር። ትሪ በራሴ ተሸክሜ በፊታቸው ማለፍ አፈርኩና ጥናት ላይ ነኝ አልኩት። እሱም በድልድዩ መጣ። አየኝ። እኔም አየሁት። ትሪውን በሁለት እጁ እያቃና አለፈ። ቤት ስደርስ ተኝቶ ነበር፤ ድንቹን አልቀመሰም። ትሪውን ብይዝለት ትኩሳቱ ይቀር ነበር አልልም፤ ትንኙ የነደፈው ቀድሞ ነው። ግን መንገዱ ይቀልለት ነበር።

ባለፈው ዓርብ ብቻዬን ሠራሁ። ሐሙስ ማታ ውሃውን ሳፈላ እማ ስለ ከሰሉ ተቆጣችኝ፤ ስትቆጣ ድምፅዋ የድሮው ድምፅዋ ነበር፤ ድስቱን ይዤ ሰማኋት። ትሪውን በራሴ ተሸክሜ ድልድዩን ተሻገርኩ። የክፍሌ ልጆች እዚያው ነበሩ። «ኧረ ዳቦ ቤቱ መጣ!» አሉ፣ አንዱ አፏጨ። ቀስ ብዬ አለፍኳቸው። ንፋስ ነበር፣ አቧራም ነበር፤ አልከደንኩትም። እማ አራት ፍሬ በላች። ሌላው ተረፈ፤ ለሁለት ሰው መለካት ገና አልለመድኩም።

የዓምራንን ስልክ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ከሰጠሁ በኋላ አጥፍቼ ለእማ እሰጣታለሁ፤ ከልብሶቹ ጋር ታስቀምጠው። የኔን ቁጥር ታውቂዋለሽ። በሱ ጻፊልኝ። የፈተናው ውጤት በጥር ይወጣል፤ ልትጠይቂኝ ከፈለግሽ ማለቴ ነው።

አላህ ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ወተትሽን ያብዛልሽ፣ ልብሽን ያጽናልሽ። ለወንድማችን ጀነትን ይስጠው። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ልጁን በግንባሩ ሳሚልኝ።

ነጥብ አድርጎ የሚጽፈው
ትንሹ ወንድምሽ