የላሆር ንጉሥና የእኔ ግራ ዓይን

ሰኞ፣ ቢቸና

ፎርሙን ዛሬም አልፈረምኩም። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ከማስተማር ወደ ንብረት ክፍል መዛወሪያ ነው። "ለአንተው ብዬ ነው፣ እስከ ዓርብ አስብበት" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ አንገሸገሸኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ታሪክ አስተምሬ የወንበርና የጠመኔ ጠባቂ ልሆን ነው። ይሁን። ሲነግረኝ እንባ እንኳ አልመጣኝም። ሐኪሞቹ ግራ ዓይኔን ያወጡልኝ ቀንም እንዲሁ ነበርኩ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የወንድሜን ጤፍ ስንወቃ ገለባ ገባብኝ። ሚስቴ በምላሷ ላሰችልኝ፤ አልወጣም። ዓይኔ ቀልቶ፣ አብጦ ሳለ ወንፈሉን ጥዬ ብሄድ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ከአንዱ አውድማ ወደ ሌላው ስዞር ሳምንት አለፈ። የሁሉም ጤፍ ተወቃ። ዓይኔ ግን ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ሞጣ

ለቁስሉ ቀጠሮ መጣሁ። ነርሷ አጥባ "ጥሩ ድኗል" አለች። ጥሩ።

የማድረው ጋሼ ዘለቀ ቤት ነው። ታሪክ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ፊቴን አይተው እንደ ሌላው ሰው ከንፈራቸውን አልመጠጡም። "ና ግባ፣ አንተ ሞኝ! ወንፈል ጥሎ መሄድ አፍሮ ዓይኑን የሰጠ ሰው አንተን ብቻ አየሁ" አሉና ከሣጥናቸው አንድ አሮጌ ደብተር አወጡ።

ልጅ ሳሉ ሂሳብ ያስተማራቸው ህንዳዊ ነበር፤ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ፣ ጢማም፣ ባለ ጥምጣም። በገበያ ቀን ሲወጣ ከገጠር የመጡ ሰዎች ቄስ እየመሰላቸው ጎንበስ ብለው "አባ፣ ያሳልሙን" ይሉት ነበር አሉ። መስቀል የለው፣ አማርኛ የለው። ሲጨንቀው እጁን ጭንቅላታቸው ላይ ያሳርፋል። ጋሼ ዘለቀ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም አፌን ከፈትኩ። ሳቁ ግን አልመጣም።

ደብተሩ ያ ሰው ስለ አገሩ ንጉሥ ሲነግራቸው የጻፉት ነው።

ረቡዕ፣ ሞጣ

በአንድ ዓይን ሲያነቡ መስመር ይጠፋል። ጣቴን እያስከተልኩ ጨረስኩት። ንጉሡ እንዲህ ነው፦

ሕፃን ሳለ ፈንጣጣ ግራ ዓይኑን ወሰደበት። ፊቱንም አበላሸው።

አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ላሆር የምትባለውን ትልቅ ከተማ ያዘ። እርስ በርስ ሲዋጉ የነበሩትን የሲክ አለቆች በአንድ መንግሥት ሥር አደረገ።

ሹማምንቱ እስላምም ሂንዱም ነበሩ። የሲኮቹን ቤተ መቅደስ በወርቅ አለበሰ። ሰው በሞት አይቀጣም ነበር ይባላል።

ሞተ። አሥር ዓመት እንኳ ሳይቆይ ሁሉም ፈረሰ። ወራሾቹ ተገዳደሉ፣ እንግሊዝ ገባ። የመጨረሻ ልጁን ገና በልጅነቱ ከአገሩ አርቀው ወሰዱት። የንጉሡን ትልቅ አልማዝም ወሰዱ።

"ታዲያ ምን ተረፈው?" አልኳቸው።

ጋሼ ዘለቀ ተቆጡ። "ይኸው ሞጣ ላይ ወሬው ተርፎ የለ እንዴ! ያ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ስለ ንጉሡ ሲነግረን ደረቱን ነፍቶ ነበር።"

"እሱ ንጉሥ ነው፤ እኔ መምህር።"

"እሱስ ልክ ነህ። የንጉሥን ፊት ደፍሮ የሚያይ የለም። አንተን ስልሳ ተማሪ ነው የሚያይህ" አሉ ረጋ ብለው። ደብተሩን ይዤ እንድሄድ ፈቀዱልኝ።

ሐሙስ፣ ቢቸና

አውቶቡስ ውስጥ በግራዬ የተቀመጠው ሰው ድንገት ሲያናግረኝ ደነገጥኩ። ሰው መኖሩንም አላወቅሁም ነበር።

ነገ አንድ ክፍለ ጊዜ ልግባ። ካቃተኝ እፈርማለሁ። ጥቁር መነጽር ሞከርኩ። ሚስቴ "ሌባ ትመስላለህ" አለችኝ። አወለቅሁት።

የምፈራውን ልጻፈው። መሳቃቸውን አይደለም፤ ማዘናቸውን ነው።

ዓርብ፣ ቢቸና

ገባሁ። ዘጠነኛ ክፍል። ለቅሶ ቤት የመጡ ይመስል ጸጥ አሉ። ጠመኔ ላነሳ ስል ሳትኩትና ወደቀ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ንጉሡ ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዓይኑን ብቻ ዘለልኩት። ፈራሁ።

"ቲቸር! ቲቸር!" አለኝ አንድ ድምፅ ከግራ። ዞር ስል ትዕግሥት ናት፤ አፈኛዋ።

"እጄን ካወጣሁ ቆየሁ እኮ። አላዩኝም?"



"በዚህ በኩል አይታየኝም" አልኩ። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

"እህ! እንግዲያ እኛ ግራ ያለነው እጅ ስናወጣ እንጥራዎት?"

"ጥሩኝ።"

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! ጥያቄ ያለውም የሌለውም "ቲቸር! ቲቸር!" ጆሮዬን አደነቆሩት። በቀኝ ያሉት "እኛስ?" ብለው አኮረፉ። ስለ ንጉሡ ዓይን ያኔ ነገርኳቸው። "የትኛውን?" አሉ። ግራውን ስላቸው የግራዎቹ "በእኛ በኩል!" ብለው አጨበጨቡ። እነዚህ ልጆች!

ፎርሙን ባዶውን መለስኩ። ርዕሰ መምህሩ "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። አይደለሁም አልኩት፤ የሰኞን ትምህርት ግን አዘጋጅቻለሁ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አለቀስኩ። ዓይኔ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከባዶውም በኩል እንባ ይወጣል ለካ። ማንም አልነገረኝም ነበር።