ሰሌዳው ቀይ የሆነ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለቨርሊን፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? የአላስካ ብርድስ ለቀቅ አደረጋችሁ ወይ? የትንሿ ሉዌላ ሳል ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ማለት ከተቻለ። ከሐሙስ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ለማን ላውራው ብዬ ሳስብ ከአንተ በቀር ሰው አጣሁ።

ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ ላሞንት ፒካርድ በሚባል ወጣት ላይ ሃያ አምስት ዓመት አስፈርጄበት ነበር። የዚያን ዕለት ደውዬ "አሸነፍኩ" ብዬሃለሁ። ማስረጃዬ አንዲት ምስክር ብቻ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጥታ "ጨልሞ ስለነበር ፊቱን በደንብ አላየሁትም፤ እናንተ እርግጠኛ ስትሆኑ እኔም እርግጠኛ ሆንኩ" አለችኝ። ዳኛው ዘንድ ብሄድ፣ አዲስ ማስረጃ የሚቀርበው ከፍርዱ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ ሕጉ በሩን ዘግቶታል አሉኝ። አለቃዬም "ያለቀ ነገር አትቀስቅሺ" አለኝ። ሥራዬን ለቅቄ፣ በጋውን ሙሉ የሰው በር እያንኳኳሁ ምረጡኝ ስል ከርሜ የግዛታችን የታችኛው ምክር ቤት የገባሁት ያንን ሕግ ላስቀይር ነው። ሰው ሥልጣን የጠማኝ መስሎታል፤ አንተም ሳታሾፍብኝ አልቀረህም።

ሐሙስ ረቂቄ ለድምፅ ቀረበ። የላሞንት እናት ወይዘሮ ኦዴሳ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዘው፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ፎቁ ላይ ከተመልካቹ ጋር ተቀመጡ። እዚህ ምክር ቤት አንድ የቆየ ልማድ አለ። አዲስ ገብ የመጀመሪያ ረቂቁን ሲያቀርብ ነባሮቹ ይቀልዱበታል። አቶ ሃልቮርሰን የሚባሉ ሽማግሌ ተነሥተው "ይህ ሕግ አምና ተኩሼ የሳትኳትን አጋዘን ይጨምራል ወይ? አዲስ ማስረጃ አለኝ" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ሁሉም ተስማምተው የተቃውሞውን ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ፤ ድምፁ የሚታይበት ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ይቀላል። ስቀው ሲወጣላቸው፣ ጸሐፊው ድምፅ አሰጣጡን ሳይዘጋ፣ እውነተኛ ድምፃቸውን ይሰጣሉ። ልማዱን ስለማውቅ ሰሌዳው ሲቀላ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ለወይዘሮ ኦዴሳ ግን አልነገርኳቸውም ነበር።

ቀና ስል ወንበራቸው ባዶ ነው። ውጤቱ እስኪነበብ ከቦታዬ መነሣት አልችልም፤ ያቺ ደቂቃ ዓመት ሆነችብኝ። ስልሳ አንድ ለሠላሳ ሰባት አለፈ። ጭብጨባውን ትቼ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደረስኩባቸው። "አልፏል፣ ቀዩ ቀልድ ነው፣ ልማዳችን ነው" እያልኩ አለከለክሁ። ረጋ ብለው ሰሙኝና "አንቺም ስትስቂ አይቼሻለሁ። ልጄ የተፈረደበት ቀንም ከጎንሽ የነበረውን ሰውዬ እጁን ጨብጠሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ" አሉኝ። እኔ ያንን አላስታውስም፣ ቨርሊን።

ረቂቁ ገና የላይኛውን ምክር ቤት ማለፍ አለበት። ማክሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ አስረዳለሁ። እዚያ ከወደቀ ላሞንት አሥራ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ይህንን ለወይዘሮ ኦዴሳ ነገርኳቸው፤ ደግመው ይምጡ ብዬ ለመለመን ግን አፈርኩ። ክንዳቸውን ደግፌ አውቶቡሱ ላይ አወጣኋቸው። በሩ ሳይዘጋ ዞር ብለው "ማክሰኞ እመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ አትሳቂ" አሉኝ።

ሉዌላን አገላብጠህ ሳምልኝ። ለአማትህ ለወይዘሮ ግሬታ፣ በመርከቧ ላይ አብሮህ ለሚሠራው ለኦርሰንም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያንን ያረጀ ውሻችሁንም ደባብሱልኝ። መልስ ስትጽፍልኝ አንድ ነገር ብቻ ሳትደብቅ ንገረኝ፤ ላሞንት የተፈረደበት ዕለት ስደውልልህ እየሳቅኩ ነበር?

እህትህ ማርዳ
ሃርሞን ክሪክ፣ ማርች 17 ቀን 2019