በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለቆሙት አሥራ ሁለት እንስራዎች

ለክቡር ኡ ታውንግ ሽዌ
የሚንዋ ከተማ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ ወር በከተማችን ሆዱን ያልታመመ ሰው ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ እርስዎ ደህና ከሆኑ እንኳን ደስ ያለዎት።

እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ በኮሚቴዎ ቤተ ሙከራ የውሃ መርማሪ የነበርኩት ኒን ዌ ላይንግ ነኝ። የስንብት ደብዳቤዬን በገዛ እጅዎ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዘበኛ ይልከው ነበር። ይህን የምጽፈው ሥራዬን እንዲመልሱልኝ አይደለም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በበሩ ላይ ያሉት እንስራዎች ይዘጉ። ምክንያቶቼን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩. ለሟች እናትዎ ነፍስ ጽድቅ እንዲሆን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የመጠጥ ውሃ እንስራ ማቆምዎ የሚያስመሰግን ነው። ስማቸው ከእንስራዎቹ በላይ ባለው ጣሪያ ላይ በወርቅማ ቀለም ተጽፏል፤ ቀለሙም እንዳይደበዝዝ ሁለቴ ተቀብቷል። ውሃው ግን አንዴም አልታከመም። የምርቃቱ ዕለት ሊባርኩ በመጡት መነኮሳት ፊት የክሎሪኑ ሽታ ያሳፍራል ብለው ወደ መጋዘን አስመልሰውታልና። በእርግጥም በዚያ ቀን ምንም አልሸተተም።

፪. እንስራዎቹ የሚሞሉት ከገዳሙ ኩሬ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ የሠፈሩ መጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልተው ወደዚያው ፈሰሱ። ናሙና ወስጄ ስመረምር ከሰው ዐይነ ምድር የሚመጣ ተሕዋስ አገኘሁ። ውጤቱን ሳቀርብልዎ ከላይ እስከ ታች በትዕግሥት አንብበው፣ መሳቢያዎ ውስጥ ከተው፣ ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ የፈላ ውሃ ስለሆነ ያለ ስጋት ጠጣሁ።

፫. የውጤቱን ሌላ ቅጂ እንስራዎቹ ላይ በመለጠፌ «የሟችን ክብር በመንካት» ተባረርኩ። ወረቀቱን በጥፍራቸው የላጡት የእንስራዎቹ ጠባቂ ዶ ኦን ቺ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የሟች ስም ካለበት ሥር ቆሻሻ ብለሽ ትለጥፊያለሽ? ትንሽ አታፍሪም?» አሉኝ።

«አክስቴ፣ እኔ የመረመርኩት ውሃውን ነው እንጂ ሟቿን አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ለራስሽ አፍልተሽ አትጠጪም? ሰዉን ለምን ትረብሺያለሽ? ደግሞ ሰብሳቢው ንጹሕ ነው ብለዋል።»

ይህን ሲሉኝ ከሦስተኛው እንስራ ቀድተው እየጠጡ ነበር። እሳቸውን አልተቀየምኩም። ያመኑት እርስዎን ነው።

፬. ታናሽ እህቴ ቱዛር ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በምርቃቱ ዕለት የመጀመሪያውን ኩባያ ያጠጧት እርስዎ ነዎት፤ ፎቶግራፉም ቢሮዎ ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ታይፎይድ አሥራ ስድስት ቀን ሆስፒታል አስተኛት። ዛሬ የቤታችንን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች። ሊጠይቋት መጥተው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የአየሩ ለውጥ ነው» ስላሏት ቤተሰባችን ያመሰግናል። አየሩን ግን አልጠጣችውም።

ሰኞ እሷም ከሦስት መቶ ልጆች ጋር በዚያ በር ትገባለች። የምጠይቅዎ ከባድ አይደለም። እንስራዎቹ ይደፉ፣ ይታጠቡ፣ ታክሞ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይሞሉ። የእናትዎ ስም ባለበት ይቆይ፤ እንዲያውም ያኔ ነው የሚያምርበት። ይህ ካልሆነ ግን ሰኞ ጠዋት እንስራዎቹ ፊት ቆሜ የምርመራውን ውጤት ለሚመጣው ልጅ ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ለእርስዎ ምስጋና ይግባና ጊዜ ሞልቶኛል።

እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ከቆመችበት ግን ንቅንቅ ሳትል ሰላምታዋን የምታቀርብልዎ፣

ኒን ዌ ላይንግ
የቀድሞ የውሃ መርማሪ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ዕለት ሾፌርዎ በፌስታል የተጠቀለለ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ቤቴ መጥቶ ነበር። «እህቴ፣ የሰብሳቢው የልጅ ልጅ የምትጠጣው ነው፤ አይታ ቁርጡን ትንገረኝ፣ ለማንም እንዳታወራ ብለዋል» አለኝ። ልጅቷ ምን በደለች፤ በራሴ መሣሪያ መርምሬ ውጤቱን በማግስቱ ልኬልዎታለሁ፤ አፍልታችሁ አጠጧት። ለማንም እንዳላወራ ያዘዙኝን ግን መፈጸም አልችልም፤ ሰኞ በበሩ የሚገቡትም የሰው የልጅ ልጆች ናቸው።