ከነእናቴ ስለታገደው ተጎታች ቤት

ለልዩ ልዩ ተጎታቾች ማጣሪያ ዴስክ ክቡር ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። የቢሮዎን ማቀዝቀዣ ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ በመስኮትዎ ሥር ወረፋ ስንጠብቅ ከእሱ የሚንጠባጠበው ውሃ አናታችንን ሲያርሰን ስለከረመ፣ ደህና መሆኑን በራሳችን አረጋግጠናል። በዚህ በድሬ ሐሩር ባለጉዳዩን ደጅ እያስጠና የሚያቀዘቅዝ ቢሮ ማግኘት ቀላል ነገር ስላልሆነ ምስጋናዬ ከዚሁ ይጀምራል።

እንደሚያውቁት እኛ የድሬ ልጆች «እርስዎ» ማለት ብዙም አይሆንልንም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ስል ግን ተለማምጄ መጥቻለሁና የሆነ ቦታ ቢያመልጠኝ ክብርዎን ከመናቅ ሳይሆን ከልምድ ማጣት እንደሆነ ይቁጠሩልኝ።

ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ በአሮጌ ፒክአፕ ሽንኩርትና ፍራሽ እያመላለስኩ የምተዳደር የሳቢያን ሰፈር ነዋሪ፣ ወርሳሜ ነኝ። እናቴን ሆዮ ፋዱማን እንደሚያስታውሷት ግን አልጠራጠርም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጀልዴሳ በኩል ግመሎቿን እየነዳች፣ ዝናብ ወደ ዘነበበት ስትጓዝ የኖረች ሴት ናት። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ወደ ቤቴ አመጣኋት። የምኮራበት፣ ወለሉ ሴራሚክ የለበሰ ቤት ነው። እሷ ግን በየማለዳው ወንበሯን በር ላይ ታወጣና ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ ትቀመጥ ነበር። ከጀልዴሳ የመጣ ሰው ባለፈ ቁጥር ዝናቡ የት እንደጣለ ትጠይቃለች። ቀስ በቀስ ምግብ እየተወች ሄደች። ምን እንደጎደለባት ስጠይቃት፣ «ወርሳሜ፣ ቤት ማለት የሚነሳ ነገር ነው። ይሄ የተቀበረ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሴራሚክ ከእግሬ ሥር ይቀዘቅዘኝ ጀመር።

አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ መሐንዲሶቹ ሲያድሩበት የነበረውን ተጎታች ቤት በጨረታ ሲሸጥ የገዛሁት ያኔ ነው። አልጋ አለው፣ ትንሽ ማብሰያ አለው፣ በግራና በቀኝ መስኮት አለው። ደረጃውን አስነስቼ እናቴ ያለችግር የምትወጣበትን መወጣጫ አስበየድኩለት። ዞራ ዞራ አየችውና ጎማውን በበትሯ መታ መታ አድርጋ፣ «ይሄ ይነሳል» አለች። በዚያ ቀን ምሳዋን ጨረሰች።

ያልተነሳው ፒክአፔ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ከከተማ ወጥተን አሸዋማው ደረቅ ወንዝ ላይ ስንደርስ ተጎታቹ ከኋላ ተጫነውና የፊት መብራቶቹ ወደ ላይ አንጋጠጡ፤ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ፤ ራዲያተሩም ፈልቶ ገነፈለ። በሰው መኪና ተጎትተን ተመለስን። ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ሲሞን ከመኪናው ሥር ገብቶ አየና፣ «አቦ ወርሳሜ፣ መኪናህ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ዱዓ እያደረገ አይደለም፤ ወገቡ አልቻለም» አለኝ። ስለዚህ ወገቡን አበረታነው። ከኋላ ሸክሙን በሚችለው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ብረት ደረብን፤ ፍሪሲዮኑን በአዲስ ቀየርን፤ ሰፋ ያለ ራዲያተር ገጠምን፤ መጎተቻውን ጋንቾ ከሻንሲው ጋር አጥብቀን አሰርን፤ ተጎታቹም የራሱ ፍሬን እንዲኖረው አደረግን። በሁለተኛው ጉዞ ያንን አሸዋ ሳንቆም አለፍነው። ጀልዴሳ ስንደርስ እናቴ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ ግመሎቿን በየስማቸው ስትጠራ፣ እኔ መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ይህን ለእርስዎ የምነግረው በማመልከቻ ላይ የሚሞላበት ቦታ ስላልነበረው ነው።

እንግዲህ ወደ ደጃፍዎ ያደረሰኝ ሕግ አክባሪነቴ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝን ቸርነት በቅደም ተከተል እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ ፒክአፑንና ተጎታቹን ለማስመርመር በገዛ እግሬ በመጣሁ ጊዜ፣ በባሌስትራው ላይ የተደረበው ብረት «ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረ» በመሆኑ እንዲነሳ በማዘዝዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው ወገቡ አሸዋ ላይ እንደቀረ ሳስረዳዎ፣ «ያኔ ሕጋዊ ሆነህ ነው የቀረኸው» ያሉኝን መቼም አልረሳውም። ሰው ሕጋዊ ሆኖ ከወንዝ መሀል መቅረት እንደሚችል እስከዚያ ቀን የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ተጎታቹ አልጋና ማብሰያ ስላለው ቤት እንጂ ተሽከርካሪ እንዳልሆነ ወስነው ወደ ቤቶች ጉዳይ ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ «ጎማ አለው?» ሲል ጠየቀኝ፤ አለው ስለው፣ «ጎማ ያለውን ቤት በየትኛው ካርታ ላይ ላስቀምጠው? ነገ ይሄዳል» ብሎ ወደ እርስዎ መለሰኝ። እርስዎም መልሰው ወደ እሱ። ጀልዴሳ በድሮ ዘመን የቅፍለት ነጋዴዎች ማረፊያ እንደነበረች ሰምቻለሁ፤ የእነሱ ግመሎች ግን በሁለት ቢሮዎች መሀል የእኔን ያህል የተመላለሱ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፦ ትእዛዝዎን ማክበር ይሻላል ብዬ የተደረበውን ብረት አስነሳሁ። ሲሞን ብሎኑን እየፈታ፣ «እኔ አልወደድኩትም፣ አንተ ካልክ እሺ» ይለኝ ነበር። የበልጉ ዝናብ ጥሎ እናቴ አላስቀምጥ ስላለችኝ፣ በሕጋዊው ወገብ ወደ ጀልዴሳ ጉዞ ጀመርን። ቁልቁለቱ ላይ የፒክአፑ ጀርባ ተጫነ፤ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን በደንብ መያዝ አቃታቸው፤ ተጎታቹም ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። መሪው በእጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። በመስታወት ስመለከት የእናቴ ቤት በአንድ ጎማ ቆሞ አየሁት። አልተገለበጠም፤ ከመንገዱ ወጥቶ የአሸዋ ክምር ላይ ቆመ። ሮጬ በሩን ስከፍት እናቴ ወለሉ ላይ ወድቃ፣ ክንዷን በሌላ እጇ ይዛ ነበር። «ግመል እንኳን ጭነት ሲከብደው ይነግርሃል። ይሄ መኪና ለምን ዝም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መኪናው ዝም እንዳላለ፣ ሰሚ እንዳጣ ልነግራት አፈርኩ። ክንዷ አልተሰበረም፤ ግን ለብዙ ቀናት ጠቁሮ ነበር።

ክቡር ሆይ፤ በዚህ ቁጥር ላይ ማመስገን ስላልሆነልኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ሲሞንን በስልክ ጠርቼ መንገድ ዳር ብረቱን መልሰን ደረብነው። ጉዟችንን ልንቀጥል ስንል ተቆጣጣሪዎችዎ ደረሱብን፤ ያልተፈቀደ ባሌስትራ በማግኘታቸውም ፒክአፑንም ተጎታቹንም አግደው ወደ ግቢዎ አስነዱን። እናቴ ተጎታቹ ውስጥ ነበረች፤ ትውረድ ወይስ አትውረድ የሚል መመሪያ ስላልነበራቸው እሷንም አብረው አገዷት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ ራስዎ የዓይን ምስክር ስለሆኑ ቁጥር አላወጣለትም። ከቢሮዎ ወርደው በሩን አንኳኩና፣ «እናቴ፣ ይህ ንብረት ታግዷል፤ እባክዎ ይውረዱ» አሏት። እሷም በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እኔ ቤቴ ነኝ። የመጣኸው አንተ ነህ። ግባ፣ ሻይ ጠጣ» አለችዎ። በግቢው ውስጥ «አንተ» ከተባሉ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ ፊትዎ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደሆነው አየሁ። አልገቡም። ሻዩን የጥበቃ ሠራተኛዎ ጋሽ ሱሌማን ጠጣው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ምሳው ከእናቴ ጋር ሆነ።

ወሬው ጀልዴሳ ለመድረስ አልዘገየም። ሆዮ ፋዱማ ድሬ ላይ ሰፍራለች ተብሎ ዘመድ ሁሉ የግመል ወተት እየያዘ ይጎርፍ ጀመር። ባለጉዳዮችዎም ወረፋቸውን ለቀው ከግቢው ዛፍ ሥር ከዘመዶቻችን ጋር ተቀመጡ፤ አንዳንዶቹ የመጡበትን ጉዳይ እንደረሱት ነግረውኛል። የአክስቴ ልጅ ለእናቴ ብላ ያመጣቻት ፍየል በቢሮዎ መግቢያ ላይ የተተከሉትን አበቦች በመብላቷ በቤተሰባችን ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ እንዲህ ናት።

እኔ ግን በእነዚያ ቀናት አልሳቅኩም። እናቴ ቀን ቀን ሰው ስትቀበል ውላ፣ ሰው ሲሄድ ያበጠ ክንዷን እያሻሸች ዝናቡ እንዳያልፍባት እየሰጋች መቼ እንደምንሄድ ትጠይቀኝ ነበር። ግመሎቿ በለመለመው ሣር ላይ ሆነው እሷ የታገዱ ባጃጆችን እያየች ትቀመጥ ነበር። ይህን ልነግርዎ ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

በመጨረሻ ያዳነን የበላይ አካል ጉብኝት ነው። እንግዶች ሊመጡ እንደሆነ በተሰማ ማግስት ጠዋት፣ «ተጎታቹ ከነነዋሪዋ በአስቸኳይ ከግቢ እንዲወጣ» የሚል ወረቀት በእጄ ገባ። ቤት ነው ወይስ ተሽከርካሪ ለሚለው ጥያቄም «ዓይነት» በሚለው ቦታ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ መልስ ተሰጥቶበታል። ባሌስትራውን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀም የለም። ፒክአፑ ግን ቆሞ ስለሰነበተ ባትሪው ሞቶ አልነሳ አለ። ክቡርነትዎ ኮትዎን አውልቀው ለጋሽ ሱሌማን ሰጥተው፣ ከሠራተኞችዎና ከዘመዶቼ ጋር ትከሻዎን ሰጥተው ሲገፉ በመስታወት አይቻለሁ። ሞተሩ ሲነሳ እናቴ በመስኮት እጇን ዘርግታ መረቀችዎ። ምርቃቷ በሶማሊኛ ስለነበር እንዳይቀርብዎ እተረጉመዋለሁ፦ «ልጆችህ ሲጠሩህ የምትሰማ አባት ያድርግህ» ነው ያለችው።

ዛሬ እናቴ ጀልዴሳ ናት። ጉልበቷ አልዳነም፤ ሐኪሞችም አይድንም ብለውናል። ነገር ግን መንጋው በተነሳ ቁጥር እኔ እሄድና ቤቷን ከፒክአፑ ጋር አያይዤ ወደ አዲሱ ሣር አደርስላታለሁ። ትበላለች፣ ትቆጣለች፣ መስኮቷን ወደ ግመሎቿ በትክክል ካላዞርኩላት ደግሜ እንድጠመዝዝ ታስገድደኛለች። ባለፈው፣ «አሁን ስሞት ቤቴ ነው የምሞተው» ስትለኝ አልደነገጥኩም፤ በድምፅዋ ውስጥ ጥድፊያ አልነበረም።

በመሆኑም ክቡር ሆይ፣ ለትእግስትዎ፣ ለዛፉ ጥላ፣ ለሰጡን ትከሻና ለማያልቀው መመሪያዎ ያለኝን ላቅ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ማቀዝቀዣዎ የሚሠራ፣ ስብሰባዎም የማያልቅ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ።

ልዩ ልዩ ተብለው ከተመዘገቡ ዜጎችዎ አንዱ የሆንኩት፣
ወርሳሜ
ከሳቢያን

ማስታወሻ፦ የእናቴን ቤት ያዩ ሦስት የጀልዴሳ ቤተሰቦች ተጎታች ቤት ገዝተው ፒክአፖቻቸውን ሲሞን ጋ እያጠናከሩ ነው። ለፈቃድ ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቁኝ የቢሮዎን አድራሻ ሰጥቻቸዋለሁ። ምን ምን ማስረጃ ይዘን እንሂድ ላሉኝም ወረቀት እንዳያንገላታቸው፣ እናቶቻቸውን ብቻ ይዘው እንዲመጡ መክሬያቸዋለሁ።